ጭሱ ከጠፋ አቁመው

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከወትሮው ለየት ይላሉ። ስለ ጀልባ ሞተርና ስለ ባጃጅ የምትጠይቁኝ ሰዎች ባንዴ ወደ ሪሞት መኪና ዞራችኋል። ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ጽሑፌ እሁድ እሁድ ቤዛዊት ኮረብታ ግርጌ ከልጆች ጋር የኒትሮ መኪና እንደምነዳ አምልጦኝ ጻፍኩ። በባትሪ የሚሄደውን ማለቴ አይደለም። እውነተኛ ሞተር ያለውን፣ የሚያጨሰውን፣ ጎረቤት የሚያስቀይመውን ነው። በሉ እንግዲህ፣ እንጀምር።

*ጋሼ፣ አጎቴ ባለ 3.5 ሲሲ ኒትሮ ትራክ ሰጠኝ። ነዳጁም ከቤት ዕቃው ጋር በመርከብ መጥቷል። ሮዳጁን እንደ መመሪያው ጨርሻለሁ። የካርቡራተሩንም ብሎኖች መመሪያው ባለው ልክ አድርጌያለሁ። ግን ሲነሳ ቤቱን በጭስ ይሞላዋል፤ ነዳጅ ስሰጠው ይንተባተብና ይጠፋል። ጓደኞቼ «ያገለገለ ሞተር ነው የሸጡላችሁ» ይሉኛል። — ከዓባይ ማዶ*

ጓደኞችህን ተዋቸው፤ ሞተርህ ጤነኛ ነው። መመሪያው ነው ባሕር ዳርን የማያውቃት። የከተማችን ስም ባሕር ዳር ይሁን እንጂ ያለነው 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ከእውነተኛው ባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ በአንድ ጉርሻ የሚስበው አየር ቀነሰ፤ ነዳጁ ግን ያው ነው። ስለዚህ ነዳጅ በዝቶበታል። የሚያጨሰውም፣ የሚንተባተበውም ለዚህ ነው። ከሣጥን የወጣ ሞተር እዚህ ሲመጣ ብሎኑን ትንሽ ማጥበቅ ይፈልጋል። «ትንሽ» የሚለውን አስምርበት።

ካርቡራተሩ ላይ ሦስት ብሎን ታገኛለህ። አንዱ የከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመው። ሁለተኛው የዝቅተኛው ነው፤ በነዳጅ መስጫው ክንድ በኩል ገባ ብሎ ይገኛል። ሦስተኛው ሚኒሞውን፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳትሰጠው ቀስ ብሎ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ የሚይዘው ነው። ወደ ቀኝ ስታዞር ነዳጅ ትቀንሳለህ፤ ወደ ግራ ትጨምራለህ። ብዙ ሰው በሚኒሞው ይጀምራል፤ እሱ መጨረሻ ነው የሚነካው።

መጀመሪያ ሦስት አራት ደቂቃ አሙቀው። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ካቻቢቴ የሚያነሳ ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው። ከሞቀ በኋላ ሠላሳ ሜትር ያህል ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ ልቀቀው። ማየቱን ተወውና ስማ። እንደ ጉንፋናም የሚያጉረመርም ከሆነ የከፍተኛውን ብሎን አጥብቅ። ስንት? የብሎኑን ጭረት የሰዓት ዘንግ ነው ብለህ አስብ። ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው፣ በቃ። መልሰህ ንዳ፣ መልሰህ ስማ። ድምፁ እየጠራ ይሄዳል። ከኋላው ግን ሁልጊዜ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ መታየት አለበት።

ይህችን ጭስ የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ታንኳና ጀልባ በሚቆምበት ዳር ከሃያ ዓመት በላይ የጀልባ ሞተር ስፈታ ኖሬአለሁ። አሻንጉሊት ያሸንፈኛል ብዬ አላሰብኩም። የመጀመሪያ መኪናዬን ብሎን ልጆቹ ፊት በሰዓት ዘንግ ሂሳብ አንድ ቁጥር አጠበቅሁ፤ ፈጠነ። አንድ ጨመርኩ፤ ጨመረ። ሦስተኛው ላይ ጭሱ ጭራሽ ጠፋ፤ ድምፁ እንደ ንብ ቀጠነ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ ጭጭ አለ። የማስነሻ ገመዱን ብስብ ንቅንቅ የለም። ቤት ወስጄ ስከፍተው ፒስተኑ ጎን ላይ በጥፍር የተቧጨረ የመሰለ መስመር ነበረ፤ ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው የቢየላውም የታችኛው ቀዳዳ ሰፍቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዚህ ሞተር ዘይት ያለው ነዳጁ ውስጥ ነው። ነዳጅ ስትቀንስበት ዘይትም ትቀንስበታለህ። ጭሱ ማለት ዘይቱ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ጭሱ ከጠፋ አቁመው፤ ብሎኑን አላላ።

አሁን ዝቅተኛው ብሎን። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ የነዳጁን ጎማ ቱቦ ካርቡራተሩ አጠገብ በሁለት ጣት ቆንጥጠህ ያዝና ቁጠር። ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ሠርቶ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ከጠፋ ልኩ ነው። ገና ስትቆነጥጠው ቀጥ ካለ ነዳጅ አንሶታል። ከአምስት ሰከንድ በላይ እየጮኸ ከቆየ ደግሞ በዝቶበታል። በዚያው በሰዓት ዘንግ ሂሳብ አስተካክል።

ሙቀቱን በሌዘር መለኪያ ካገኘህ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌለ የሞተሩ ራስ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርግ። ሦስት አራት ሰከንድ ተንጨርጭሮ ካለቀ ደህና ነው፤ ወዲያው ዘሎ ከጠፋ ሞቋል። አንድ ነገር ልብ በል፤ ውሃ እኛ ጋ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ጠብታዋ ሞተሩን ከልኩ ትንሽ የሞቀ አስመስላ ታወራለች። ከጠብታዋ ይልቅ ጭሱን እመን።

በተረፈ ያ ሁሉ ተደርጎ ጉልበቱ በቪዲዮ ከምታያቸው ያንሳል። አየሩ ነው። ቅር አይበልህ፤ ከተራራ የመጣ ሯጭ እንኳ የሚገርም ሰዓት የሚያስመዘግበው ቆላ ወርዶ ነው።

*ሞተሩ አልነሳ ሲል ወንድሜ ደጋግሞ ነዳጅ አስገባበት። አሁን ገመዱ አልሳብ ብሏል። ወንድሜ በጉልበት ልሳበው ይላል። — ከግሽ ዓባይ*

ወንድምህን ያዘው! ሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ ሞልቷል። አየር ይጨመቃል፣ ፈሳሽ አይጨመቅም። በጉልበት ከጎተተው ወይ ገመዱ ይበጠሳል ወይ ቢየላው ይጣመማል።

ካንዴላውን ፍታ። መኪናውን ገልብጠህ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ያዝና ገመዱን ቀስ እያልክ ሳብ። ነዳጁ ይፈናጠራል፤ ፊትህን አርቅ። ሲደርቅ ካንዴላዋን እያት። የዚህች ካንዴላ ሥራ ከባጃጁ ይለያል፤ ብልጭታ የላትም። የፕላቲነም ሽቦዋ መጀመሪያ በባትሪ ይግላል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀልላታል፤ የሚቃጠለው ነዳጅ ራሱ አግሎ ይይዛታል። ባትሪዋ 1.5 ቮልት ናት፤ የባጃጅ ባትሪ አገናኝተህ እንዳታቃጥላት። ስታገናኛት ሽቦው ደምቆ ብርቱካንማ ካላለ ለውጣት።

ሌላ ልጨምር። አዲስ ሞተር ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ትንሽ ቢይዝ አትደንግጥ። የሲሊንደሩ አናት ጠበብ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ሲሞቅ ይሰፋል። ስታቆመው ግን ፒስተኑ ታች እንዲሆን አድርግ። ላይ እንደተጨመቀ ከቀዘቀዘ ይነክሳል። እኔ የታችኛውን ቦታ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። የባለቤቴ ነው፤ እስካሁን አልጠየቀችኝም።

*የኒትሮ ነዳጅ እዚህ አላገኘሁም። ቤንዚንና የሁለት ስትሮክ ዘይት ቀላቅዬ ብሞክርስ? — ከሽምብጥ*

አይሠራም። የካንዴላዋ ሽቦ ግሎ የሚቆየው የኒትሮ ነዳጅ ውስጥ ያለው ሜታኖል ፕላቲነም ሲነካ ነው፤ ቤንዚን ይህን አያደርግም። ዘይቱም አይበቃም። የጀልባ ሞተር በሃምሳ ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት ያህል ይበቃዋል። የኒትሮ ነዳጅ ግን ከመቶው ስምንት እጁ ቢያንስ ዘይት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ። ሰው በአውሮፕላን ሻንጣ እንዲያመጣልህም አትለምን፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ ክልክል ነው። ነዳጅ ከሌለህ በባትሪ የሚሄደውን ግዛ፤ አያሳፍርም።

*ልጄ የዚህን መኪና ነዳጅ በሃይላንድ ጠርሙስ እየቀነሰ ጓዳ ያስቀምጣል። ሽታው አረቄ አረቄ ይላል። ክፉ ነገር ይኖረዋል እንዴ? — እናት፣ ከቀበሌ 14*

እህቴ፣ ጋዜጣውን ያስቀምጡና አሁኑኑ ከጓዳ ያውጡት። ከዚያ ተመልሰው ያንብቡ።

ውስጡ ሜታኖል አለ። ጥቂት ጉንጭ ሰውን ያሳውራል፣ ይገድላልም። በውሃ ጠርሙስ ሲቀመጥ ደግሞ ሌሊት ውሃ የጠማው ሰው ያነሳዋል። የጠጣ ሰው መጀመሪያ ደህና ሊመስል ይችላል፤ እንዳይዘናጉ፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው። እሳቱም ተንኮለኛ ነው፤ የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም። ስለዚህ ከምድጃም፣ ከከሰልም፣ ከዕጣን ማጨሻም ይራቅ። በመጣበት ዕቃ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ጨለማ ቦታ፣ ተቆልፎበት። ልጅዎን አይቆጡት፤ ምክንያቱን ግን እኔ በነገርኩዎት ቃል ይንገሩት። ክዳኑ ከላላ ነዳጁ እርጥበት ስቦ ይበላሻል ይበሉት፤ ለመኪናው ሲል ይጠነቀቃል።

*አቧራው አስቸገረን። ክረምት ሲገባስ ሞተሩን እንዴት እናስቀምጠው? — የፖሊ ተማሪዎች*

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ በማጣሪያ ዘይት ካልራሰ ማጣሪያ አይባልም። ከነዳችሁ በኋላ በሞቀ ውሃና በኦሞ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ዘይት ጨምቁበት። አንገቱ ላይ ያለውን ጎማም እዩ፤ እዚያ በተሰነጠቀች ቀጭን መስመር የሚገባ የየካቲት አቧራ ፒስተን ይጨርሳል። ለክረምት ሰልባትዮውን፣ ማለትም የነዳጅ ታንከሩን፣ አፍስሱ፤ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን አስነስታችሁ ጨርሱ። ካንዴላውን ፈታችሁ ሁለት ሦስት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ጨምሩና ገመዱን አምስት ጊዜ ሳቡ። የተረፈ ሜታኖል የጣና እርጥበት ሲጨመርበት ኩሺኔታውን ያዝገዋል።

*እሁድ ጠዋት እንኳን አታስተኙንም! — ከሜዳው ጎረቤት*

ይቅርታ ያድርጉልን። ከአሁን ወዲያ ከ4 ሰዓት በፊት አናስነሳም። ሙሉውን ምስጋና ግን አልወስድም። የጠዋት አየር ቀዝቅዞ ወፈር ይላል፤ ትናንት ከሰዓት የተስተካከለ ሞተር ያን ጊዜ ነዳጅ ያንሰዋል። ነዳጅ ማነስ ደግሞ እንዳልኩት አንድ ፒስተን በልቶብኛል።