ሐዲዱን ከመዘርጋትህ በፊት ለባቡሩ ሥራ ስጠው

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው። ሜሪላንድ ቤትህ ቤዝመንት ውስጥ 3 በ4 ሜትር የሆነ ባዶ ክፍል አለህ። የገዛኸው ሞዴል ባቡር ጠረጴዛ ላይ ክብ እየዞረ ሰለቸህ። አባትህ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ የድሮውን የጅቡቲ መስመር ልትሠራ አስበሃል። ለገሃርን፣ የአዋሽን ድልድይ፣ ድሬዳዋን፣ የጅቡቲን ወደብ፣ ሁሉንም። «ከየት ልጀምር?» ብለሃል።

ወንድሜ፣ ከመቀነስ ጀምር። እኔ እዚህ ጀርመን የሠራሁት ድሬዳዋን ብቻ ነው። ዓመታት አልፈው ዛሬም ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼ ሲመጡ ሥራ አናጣም።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የድሮው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ግድም ነበር። በ1፡87 አሳንሰህ ልዘርጋው ብትል 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ትፈልጋለህ። ያ የ4 ሜትር ግድግዳህ በእውነተኛው ልክ 348 ሜትር ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ጣቢያ እንኳ ሙሉውን አይዝም። አራት ቦታ ካጨቅክበት ሎኮሞቲቩ አዋሽ ድልድይ ላይ ሲሆን የመጨረሻው ፉርጎ ገና ከለገሃር አልወጣም። ዓይን ደግሞ አይታለልም፤ ከተማው ሁሉ ያው አንድ ጠረጴዛ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ለምን ድሬዳዋ? ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከግርጌው ቀረ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡር ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ሎኮሞቲቭ የሚያርፈው፣ ሠራተኛ የሚቀያየረው፣ የተበላሸ የሚጠገነው እዚያ ነበር። የመስመሩ ትልቅ ወርክሾፕም እዚያው ነበር። ለሞዴል ሠሪ ደግሞ ባቡር የሚቆምበት ቦታ ከሚያልፍበት ቦታ በብዙ ይበልጣል። የአዋሽ ድልድይ እጅግ ያምራል፤ ግን ባቡሩ ይሻገረዋል፣ አለቀ። ድሬዳዋ ላይ ባቡሩ ሲደርስ ነው ሥራው የሚጀምረው።

ቀጥሎ ዘመን ምረጥ። የኔ ምርጫ በእኛ አቆጣጠር 1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። እንፋሎቱ በዲዝል ተተክቷል፤ በ1969 የመጣው የሶማሊያ ጦርነት ገና መስመሩን አልቆረጠውም፤ ከተማዋ በንግድ የደራችበት ጊዜ ነው። ዘመኑን ስትወስን ግማሹ ጥያቄ ራሱ ይመለሳል። ከጣቢያው ፊት የሚቆመው ፔጆ 404 ታክሲና ጋሪ ነው፤ ባጃጅ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሐዲድ ይስላል። እኔ የምልህ መጀመሪያ ጭነት ጻፍ ነው። አንድ ወረቀት ውሰድና ድሬዳዋ ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል ብለህ ዘርዝር። ከጅቡቲ ነዳጅ፣ ጨው፣ የፋብሪካ ዕቃ ይመጣል። ወደ ጅቡቲ ቡና፣ ቆዳ፣ የቁም ከብት ይሄዳል። ጫትም አለ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጥጥ ይፈልጋል፣ ጨርቅ ይልካል። የሲሚንቶ ፋብሪካው ወደ መሃል አገር ይጭናል። ይህን ከጻፍክ በኋላ የሚያስፈልጉህ ሐዲዶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፦ አንድ የነዳጅ ዴፖ፣ አንድ የፋብሪካ መስመር፣ አንድ የዕቃ መጋዘን፣ የወርክሾፑ መግቢያ፣ ከዚያም ለሚተላለፉ ባቡሮች ሁለት ወይም ሦስት የጣቢያ መስመር። ከዚህ በላይ አትጨምር።

«ለገሃርና ጅቡቲስ የት ይሂዱ?» እንደምትል አውቃለሁ። ከመጋረጃ ጀርባ። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ፍራንክ ኤሊሰን የሚባል አሜሪካዊ ሞዴል ሠሪ ባቡር ሥራውን በቲያትር ይመስለው ነበር። ጠረጴዛው መድረክ ነው፣ ባቡሮቹ ተዋናይ፣ የጊዜ ሰሌዳው ደግሞ ድርሰቱ። ተዋናይ መድረክ ላይ አይወለድም፤ ከጎን ይገባል፣ ተጫውቶ ይወጣል። አንተም በአንዱ ጫፍ «ጅቡቲ»፣ በሌላው ጫፍ «አዲስ አበባ» የምትላቸው የተሸሸጉ ሐዲዶች ይኑሩህ። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ወይም አራት መስመር ይበቃል። ተራራ ወይም የመጋዘን ግድግዳ ይሸፍናቸዋል። ባቡሩ ከዚያ ብቅ ሲል ሩቅ መንገድ ተጉዞ እንደመጣ ታምናለህ። ከክፍሉ ሲሶውን ለማይታይ ነገር መስጠት መጀመሪያ ያንገበግባል፤ ግን ክብ ከመዞር የሚያወጣህ እሱ ነው።

ልኩን በተመለከተ። የድሮው መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። በ1፡87 ይህ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሠራል፤ ኤችኦኤም ይሉታል። በዚሁ በ1፡87 የተለመደው ሐዲድ፣ ኤችኦ የሚሉት፣ 16.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለእኛ መስመር ይሰፋል፤ ጠባብነቱ ነው ሞዴሉን የእኛን ባቡር የሚያስመስለው። ስዊስ አገር ብዙ የአንድ ሜትር መስመር ስላለ ሐዲዱንም መንኮራኩሩንም የሚሠሩ አሉ። የእኛ አልስቶም ዲዝል ግን እንደ ስዊስ ባቡር በየሱቁ አይገኝም። ደህና የሚሄድ የስዊስ ሞዴል ትገዛለህ፣ ሞተሩን ትጠቀምበታለህ፣ ቀፎውን በስሪዲ ፕሪንተር ታሠራለህ። እስከዚያው የስዊሱን ቀፎ እንዳለ ንዳው፤ ማንም አይከስህም።

ጠረጴዛውን ክፍሉ መሃል አታቁመው። ግድግዳ ተከትሎ በኤል ቅርጽ የሚሄድ መደርደሪያ ይሻላል። ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከ70 ካለፈ ከኋላ የወደቀ ፉርጎ ለማንሳት ከፊት ያለውን ቤት ታፈርሳለህ። ከፍታው ደረትህ ጋ፣ ከ120 እስከ 130 ሴንቲ ሜትር ይድረስ። ባቡርን እንደ ወፍ ከላይ ሳይሆን ጣቢያው ላይ እንደቆመ ሰው ታየዋለህ። ከሥር በእንጨት የተወጠረ ኮምፔንሳቶ፣ ከላይ ስስ ፎም ይበቃል። ለኩርባ ራዲየስ የረጅሙን ፉርጎ ርዝመት ቢያንስ በ3 አባዛው። ሎኮሞቲቭና ስድስት ፉርጎ አንድ ሜትር ገደማ ስለሚሆኑ የጣቢያ መስመሮችህ ከስዊች (አንዱ ሐዲድ ለሁለት ከሚከፈልበት ማዞሪያ) እስከ ስዊች 1.2 ሜትር ነጻ ቦታ ይኑራቸው። ኤሌክትሪኩን በዲሲሲ፣ ማለትም ለየሎኮሞቲቩ በሐዲዱ በኩል ዲጂታል ትእዛዝ በሚልክ ዘዴ አድርገው፤ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱ ቁጥር ስላለው ሁለት ሰው በአንድ ጣቢያ ሳይጣላ ይሠራል። ስለሱ ይህ ይበቃል።

ስዊቾቹ ላይ ግን ጊዜ ውሰድ። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ለነዳጅ ዴፖው ሁለት ቦቴ ፉርጎ ይዟል። የዴፖው መስመር ወደ ኋላ የሚከፈት ከሆነ ቀላል ነው፤ ሎኮሞቲቩ አለፍ ብሎ ይቆማል፣ ቦቴዎቹን ወደ ኋላ ገፍቶ ያስገባል። ወደ ፊት የሚከፈት ከሆነ ግን ሎኮሞቲቩ ራሱ ቀድሞ ይገባና ቦቴው ከኋላው ይቀራል፤ ሎኮሞቲቩ እዚያው ታሰረ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይፈታል፣ ባዶ በሆነው ጎን ለጎን መስመር ይዞራል፣ ከኋላ መጥቶ ይቀጥላል፣ ከዚያ ይገፋል። ይህ ዙሪያ መዞሪያ የሌለው ጣቢያ በአንድ ምሽት ይሰለቻል። ከመስመሮችህ አብዛኞቹን በአንድ አቅጣጫ ክፈታቸው፤ አንዱን ብቻ በተቃራኒው። ሁሉም ከቀለለ ጨዋታ የለም፤ ሁሉም ከከበደ ደግሞ እንቆቅልሽ እንጂ ባቡር አይሆንም።

ቀስ ብለህም ንዳ። ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ ሲገፋ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በ1፡87 አንዱን ሜትር ለማለፍ 16 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። የስልክህን ሰዓት አውጥተህ ለካው። ይህን ፍጥነት ስታከብር ያ ትንሽ ክፍል ሰፊ ይሆናል።

ባቡሩ ምን ይዞ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ደግሞ ወረቀት ነው። ይህን ያየሁት እዚህ አውሮፓ ፍሬሞ በሚባለው የሞዴል ባቡር ወዳጆች ስብስብ ነው። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሰዉ የየራሱን ቁራጭ ጣቢያ ይዞ አዳራሽ ይመጣል፣ ይገጣጥማል፣ ከዚያ በጊዜ ሰሌዳና በጭነት ወረቀት እንደ እውነተኛ ድርጅት ይሠራል። ለያንዳንዱ ፉርጎ አንድ ካርድ ታዘጋጃለህ። በካርዱ ላይ የጭነት ወረቀት ትሰካለህ። የኔ አንድ የተዘጋ ፉርጎ ለምሳሌ ዛሬ ጥጥ ይዞ ከአዲስ አበባ በኩል ይገባና ፋብሪካው ጋ ይቆማል። ለቀጣዩ ጊዜ ወረቀቱን እገለብጠዋለሁ፤ «ጨርቅ፣ ወደ አዲስ አበባ» ይላል። ቀጥሎ «ባዶ፣ ወደ ጅቡቲ»። ከዚያ «ጨው፣ ወደ ድሬዳዋ»። ፉርጎው ያው ነው፤ ግን በየጊዜው የሚቆምበት ምክንያት አለው።

ሰዓትም ጨምርበት። በ4 እጥፍ የሚሮጥ ሰዓት ግድግዳ ላይ ስቀል፤ ስልክህም ይህን ይሠራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ስትሠሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያልፋል። መስመሩ ነጠላ ሐዲድ ስለሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣውና ከጅቡቲ የሚመጣው ጣቢያ ላይ ነው የሚተላለፉት። እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ዋናው መስመር ላይ የበተንከውን ፉርጎ መሰብሰብ አለብህ። ጫቱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ ከደረቀ ዋጋ የለውም። እኔ ጋ ለጅቡቲው ባቡር የጫት ፉርጎ ካልተቀጠለ የጣቢያ ሹሙ ነዳጁንም ሲሚንቶውንም አስቁሞ መንገድ ያስከፍታል። ሦስት ሰው ይበቃል፦ አንዱ ሹም፣ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ከመጋረጃ ጀርባ ጅቡቲም አዲስ አበባም የሆነ። ልጆችህ ካሉ የሹምነቱን ቦታ ለእነሱ ስጥ፤ አማርኛ ማንበብም በዚያው ይለምዳሉ።

ስለ መልኩ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን አትዝለል። ሐዲዱ የሚያርፍበት አግዳሚ ብረት ነበር፤ እንጨት አስመስለህ ቡናማ አትቀባው። የደበዘዘ ዝገት ቀባው፣ በላዩ የድሬን ነጣ ያለ አሸዋማ አቧራ በደረቅ ብሩሽ አልብሰው። ከኋላ ተራራውን፣ ከፊቱ የከዚራን ሰፈር ዛፎች አቁም። ዛፎቹ ጥላ እንዲጥሉ መብራቱን ከፊት በኩል ከፍ አድርገህ ስቀል። ድሬን የሚያውቅ ሰው ጥላውን ሲያይ ነው «ይሄ እኮ ከዚራ ነው» የሚለው።

አባትህ ካሉ፣ ፎቶ ከመፈለግህ በፊት እሳቸውን ጠይቃቸው። «ጣቢያው ምን ይመስል ነበር?» አትበላቸው። «ጠዋት ሥራ ስትገባ መጀመሪያ ምን ትሠራ ነበር? የትኛው ባቡር ነበር የሚያስጨንቃችሁ?» በላቸው። እየቀዳህ አዳምጥ። ከእሳቸው አፍ የሚወጣው የጊዜ ሰሌዳህ ነው። የሥራ ባልደረቦቻቸው ካሉም ስልክ አስደውልላቸው።

በዚህ ሳምንት ምንም አትግዛ። የጭነቱን ዝርዝር ጻፍ። ከዚያ ጋዜጣ ወይም ካርቶን በትክክለኛው ልክ ቆርጠህ የክፍሉ ወለል ላይ ዘርጋ፣ ስዊቾቹን በማርከር ሳልባቸው፣ አንድ ፉርጎ በእጅህ እየገፋህ ከጅቡቲ ጫፍ እስከ ዴፖው፣ ከዴፖው እስከ አዲስ አበባ ጫፍ አድርሰው። የሚያንቀው ቦታ ያኔ ይታይሃል። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የስዊቾቹን አቅጣጫ አብረን እናየዋለን።