ካምፓስ መዝጋት? እንደ በሽታው ነው

«ወረርሽኝ ሲነሳ ዩኒቨርሲቲዎች ወዲያው መዘጋት የለባቸውም ወይ?» ላልከው ወንድሜ፣ ትምህርት ማቆምና ተማሪ መበተን ለየቅል ናቸው።

2012ን አስታውስ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን ይፋ ሆነ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ቆዩ ተባሉ፣ ቆየት ብሎ ወደየቤታቸው ተሸኙ። እኔ መሸኘታቸው ልክ ነበር ባይ ነኝ፤ በሽታው ገና አልተሰራጨም ነበራ! ዶርምን ደግሞ ታውቀዋለህ። ተደራራቢ አልጋ፣ የጋራ መጸዳጃ፣ ካፌ በር ላይ የሚተራመስ ሰልፍ። እዚያ «ርቀታችሁን ጠብቁ» ማለት ቀልድ ነው።

በሽታው ግቢ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የኮሮና ምልክት እስኪታይ እስከ 14 ቀን ሊወስድ ይችላል። ደህና የሚመስለው ልጅ አውቶቡስ ተሳፍሮ በቀጥታ አያቱ ቤት ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ የታመመውን መለየት፣ አብረውት የነበሩትን ማቆየት፣ ከዚያ መሸኘት።

ኮሌራ ከሆነ መዝጋቱን ጭራሽ አልደግፍም። የሚተላለፈው በተበከለ ውሃና ምግብ ነው። ውሃው በክሎሪን ይታከም፣ ወጥ ቤቱ ይፈተሽ፣ ሳሙና ይቅረብ። ልጆቹን ንጹህ ውሃ ወደሌለበት ቀበሌ መላክ በሽታውን ማከፋፈል ነው።

«ኦንላይን ይማራሉ» የሚሉትን ተዋቸው። ገጠር ላለ ተማሪ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀች ፒዲኤፍ ማውረድ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መዝጋት ግድ ከሆነ ፈተናው እንዴት እንደሚሆን አብሮ ይነገራቸው።