«ከእሷ እጅ አልጎርስም»

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ደሴ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ያዝኩ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ሰኞ ገበያ ምጣድና ጀበና ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። ደብቄው አላውቅም። አንዲት እማማ ግን ከሰው ሰምተው ኖሮ፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ «ከእሷ እጅ አልጎርስም» አሉ። ገና ስገባ ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። «ይቺ ቡዳ በዓይኗ ትበላኛለች» ይላሉ፤ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል። ገላቸውን የማጥበው፣ የጦሳ ብርድ ሲወርድ እግራቸውን በጋቢ የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ። ኃላፊያችን «አሮጊት ናቸው፣ ቻያቸው» ብለው ወደ ልብስ አጠባ አዛወሩኝ። ማታ እናቴ «እንዴት ዋልሽ?» ስትለኝ መልስ አጣለሁ። ሥራውን ልልቀቅ ወይ?

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለቴም የእናትሽ ጥያቄ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ኃላፊሽ ተሳስተዋል። ተሰደብሽ፤ ከቦታሽ የተነሳሽውም አንቺው ነሽ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 24 የማንኛውም ሰው ሰብዓዊ ክብር ይጠበቅ ይላል፤ አስታማሚም ሰው ነው። ምን እንደተባልሽ፣ መቼ፣ ማን እንደሰማ ጻፊና ወደ ሥራሽ እንዲመልሱሽ በደብዳቤ ጠይቂ። እማማንም ቤተሰባቸውንም ማነጋገር ያለባቸው ኃላፊሽ ናቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም።

«አሮጊት ናቸው» የሚለው ምክንያት አይዋጥልኝም። ባለ እጅን በሙያው መሳደብ በአጼ ምኒልክ አዋጅ የተከለከለው እኮ በ1900 ዓ.ም. ነው። የሃይማኖትም ነገር አይደለም። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሥጋ ለይተው በአንድ ድንኳን ሰርግ ይበላሉ፤ እዚያ ማንም ማንንም አይጸየፍም። ያንቺን እጅ መጸየፍ ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጣራ። ጠባያቸው በቅርቡ የተለወጠ ከሆነ ሐኪም ይያቸው። የመርሳት በሽታ ሰው በፊት ይውጠው የነበረውን ቃል ሊያስወጣው ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንኳ አረጋውያንን በድንገት ያቃዣል። ሕመም ሆኖ ከተገኘ መታከም አለባቸው። ያም ሆኖ ቃሉ አንቺን ማቁሰሉ አይቀርም፤ «ታመው ነው» ተብሎ ብቻ አይታለፍ።

ክፍላቸው ስትመለሺ አትከራከሪያቸው፤ ቡዳ አለመሆንሽን ልታስረጂ አትድከሚ። ድምፅሽን ሳታነሺ «እማማ፣ እንዲህ አይበሉኝ። ምሳዎትን ይዤ መጥቻለሁ» በያቸው። እንቢ ካሉ ለዚያ ሰዓት ባልደረባሽ ታጉርሳቸው፤ ምግብም መድኃኒትም እንዳያልፋቸው። በማግስቱ ግን ተራሽ ከሆነ አንቺው ግቢ። ምናልባት መቼም አይለምዱሽ ይሆናል። እሳቸውን መለወጥ ያንቺ ዕዳ አይደለም።

ሥራውን ገና አትልቀቂ። መጀመሪያ ለደብዳቤሽ መልስ ይስጡሽ። ዛሬ ማታ ግን ለእናትሽ ንገሪያት። ይህን ስድብ ካንቺ በፊት ሰምታዋለች፤ ገበያ ላይ ምን ብላ ትመልስላቸው እንደነበር ጠይቂያት።