ለምን በየሰዓቱ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ነርስ ጠየቀችኝ። «ዶክተር፣ ክሬአቲኒኑ ኖርማል ነው። ታዲያ ሽንቱን በየሰዓቱ መለካት ለምን ያስፈልጋል?» ክሬአቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፤ ደም ውስጥ ሲበዛ ኩላሊት ደክሟል እንላለን። ወዲያው መመለስ አቃተኝ።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከወለደች አራተኛ ቀኗ የሆነ ሴት ገባች። የማህፀኗ ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገብቷል፤ ግፊቷ ወርዷል። ፈሳሽ ሰጠናት፣ ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ጀመርንላት። ለሕመሟ የታዘዘላትን ዲክሎፌናክም አላቆምኩትም። ክሬአቲኒኗ 1.0 ሆኖ መጣ። ደስ አለኝ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እናቷ ጠሩኝ። የሽንቱን ከረጢት በእጃቸው ደግፈው ያሳዩኛል። «ዶክተርዬ፣ ይሄ ነገር ከማታ ጀምሮ ያው ነው። አልጨመረም እኮ።» ከታች እንደ ሻይ የጠቆረ ትንሽ ሽንት አለ። «እማማ አይስጉ፣ የደም ምርመራዋ ደህና ነው» ብዬ ወረቀቱን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም ነበር። ከረጢቱን ቀስ አድርገው ለቀቁት።

ሴትየዋ 60 ኪሎ ትሆናለች። በሰዓት ቢያንስ 30 ሲሲ መሽናት ነበረባት። በስድስት ሰዓት ውስጥ 50 እንኳ አልሞላም። ይህ ብቻውን ኩላሊቷ እንደተጎዳ ይናገር ነበር። ክሬአቲኒን ዘግይቶ ነው የሚጨምረው፤ ደም ውስጥ እስኪጠራቀም አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ደግሞ እርግዝና ክሬአቲኒንን ዝቅ ያደርጋል። ገና ለወለደች ሴት 1.0 ኖርማል አልነበረም። ግፊት ሲወርድ ኩላሊት ደም እንዳይቀርበት የደም ሥሩን ያሰፋል። ዲክሎፌናክ ይህን ይከለክለዋል። እኔ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችለውን ጄንታማይሲን ጨመርኩበት።

ክሬአቲኒኗ በማግስቱ 2.1፣ ቀጥሎ 4.6 ሆነ። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ፖታሲየም ጨመረ። ዲያሊሲስ፣ ማለትም ደምን በማሽን ማጣራት፣ የሚሠራበት ቦታ ስንፈላልግ አረፈች።

በዚያ ክፍል አንዲት የቆዩ ሲስተር ነበሩ። ከረጢቱ ላይ ፕላስተር ለጥፈው በየሰዓቱ በእስክሪብቶ ያሰምሩበት ነበር። ያን ሌሊት ተረኛ አልነበሩም። ቢኖሩ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

የዛሬ ልጆች ከበሽተኛው ይልቅ ሞኒተሩን ታያላችሁ እያልኩ እቆጣለሁ። አሁንም እንደዚያ ነው የማስበው። እኔ ግን ያን ሌሊት ሞኒተር እንኳ አልነበረኝም፤ ያመንኩት አንድ ወረቀት ነው።

እማማ አስከሬኗን ሊወስዱ ሲመጡ ሕፃኑን አዝለው ነበር። ልክ የነበሩት እርስዎ ነዎት ልላቸው ይገባ ነበር። አላልኳቸውም።