የኒቲኖል ገጽ አጨራረስና ዝገት፦ ጥያቄና መልስ

ኒቲኖል ከሚባለው የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ስለሚሠሩ የሕክምና ተከላዎች ከአባላት የቀረቡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ሥራዬ የእነዚህን ዕቃዎች ገጽ መመርመርና ዝገት የመቋቋም አቅማቸውን መፈተሽ ስለሆነ፣ ሐኪም ሊወስነው የሚገባውን ጉዳይ ለሐኪም እተዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከግማሽ በላዩ ኒኬል የሆነ ብረት እንዴት ሰው ደም ሥር ውስጥ እንዲገባ ይፈቀዳል? ኒኬል አለርጂ ያስነሣ የለም ወይ?

መልስ፦ ያስነሣል፤ በክብደት ሲለካም ከቅይጡ 55 በመቶ የሚሆነው ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጠው ኒኬል ነው። ይሁን እንጂ ቲታኒየም ከኒኬል ይልቅ ኦክስጅንን እጅግ አጥብቆ ስለሚስብ፣ ብረቱ አየር ወይም ውኃ ሲነካው ገጹ ላይ የሚፈጠረው በአብዛኛው የቲታኒየም ኦክሳይድ ነው። በሚገባ በተጨረሰ ዕቃ ላይ ይህ ሽፋን ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ብቻ ይወፍራል፤ ደሙ የሚነካውም እርሱን እንጂ ቅይጡን አይደለም። ከአንድ ጥቅል ሽቦ ከተሠሩ ሁለት ስቴንቶች (የደም ሥርን ከፍተው የሚይዙ የሽቦ ቱቦዎች) አንዱ ዓመታት ሲቆይ ሌላውን ዝገት ሊበላው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ ያለው ሽቦው ከተሳበ በኋላ በተደረገበት ነገር ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የሚከላከለው ኦክሳይዱ ከሆነ በሙቀት ብናወፍረው አይሻልም ነበር?

መልስ፦ አይሻልም። ሐሳቡ አሳማኝ ስለሚመስል በዚህ መስክ ከሁሉም በላይ ያሳሳተው እርሱ ነው። ስቴንት ቅርጹን እንዲይዝ በ500 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ በአየር ምድጃ ወይም በቀለጠ ጨው ውስጥ ለደቂቃዎች ይቆያል። በዚህ ጊዜ ኦክስጅን ቲታኒየሙን ከታች ወደ ላይ እየሳበ ኦክሳይዱን ወደ አሥሮች፣ አንዳንዴም ወደ መቶዎች ናኖሜትር ያወፍረዋል። ቲታኒየሙ የተወሰደበት ከሥር ያለው ስፍራ በኒኬል የበለጸገ ሆኖ ይቀራል፤ ከኒኬሉም ከፊሉ በኦክሳይዱ ውስጥ ይበተናል። በዓይን የሚታየው ቀለም ከውፍረቱ ጋር እየተለወጠ ከገለባ ቢጫ ወደ ሐምራዊና ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።

ወፍራሙ ኦክሳይድ ደግሞ ተሰባሪ ነው። ቅይጡ እስከ 8 በመቶ ገደማ ተለጥጦ ወደ ቅርጹ ሊመለስ ይችላል፣ ኦክሳይዱ ግን ይህን አይችልም። ስቴንቱ ተጨምቆ ካቴተር ውስጥ (በደም ሥር በኩል የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ) ሲገባ፣ ክርኖቹ በሚታጠፉበት ቦታ ላይ ትይዩ ስንጥቆች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በግልጽ ይታያሉ። በደም ውስጥ ያለው ክሎራይድ በስንጥቁ ገብቶ የሚያገኘው ያንኑ በኒኬል የበለጸገውን ስፍራ ነው። በ1990ዎቹ ተተክለው በኋላ ከሕሙማን ከወጡ የአኦርታ (ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ሥር) ስቴንቶች በአንዳንዶቹ ላይ የተበሉ ጉድጓዶችና የተሰበሩ ሽቦዎች ከተገኙ ወዲህ፣ የሙቀት ኦክሳይድን ለብሶ የሚመጣ ዕቃ ከሌላው በበለጠ ጥንቃቄ ይመረመራል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮፖሊሽ ታዲያ ምን ያደርጋል? እንዲያንጸባርቅ ነው?

መልስ፦ ማንጸባረቁ የሥራው ትርፍ እንጂ ዓላማው አይደለም። ዕቃው አሲድ ባለበት መፍትሔ ውስጥ፣ ለምሳሌ በሜታኖልና በሰልፈሪክ አሲድ ድብልቅ፣ ከኤሌክትሪክ ምንጩ አዎንታዊ ጫፍ ጋር ተያይዞ ገጹ እየሟሟ ይነሣል። የሙቀት ኦክሳይዱ፣ ከሥሩ ያለው የኒኬል ክምችት፣ ሌዘር ሲቆርጥ ያቀለጠው ጠርዝ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ በንጹሑ ብረት ላይም ቀጭን፣ ወጥ የሆነ አዲስ ኦክሳይድ ይፈጠራል። ብዙዎች ከዚያ በኋላ በናይትሪክ አሲድ ፓሲቬሽን፣ ማለትም ተከላካዩን ሽፋን የማጠናከር ሥራ፣ ይጨምራሉ።

በመፍጨት የተወለወለ ብረትም ያንጸባርቃል፣ ነገር ግን የመፍጫው ፍርፋሪ ገጹ ውስጥ ተቀብሮ ሊቀር ስለሚችል በብሩህነቱ ብቻ መተማመን አይገባም። እኔ መጀመሪያ የማየው በኤሌክትሮፖሊሽ ጊዜ የኤሌክትሪኩ መያዣ ዕቃውን የነካበትን ነጥብ ነው፤ መፍትሔው በሚገባ ስላልደረሰበት አሮጌው ኦክሳይድ ሳይነሣ የሚቀረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ሁለተኛው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። የቅይጡን የመለወጫ ሙቀት (ወደ ተሰጠው ቅርጽ የሚመለስበትን ሙቀት) ለማስተካከል ሲባል ከኤሌክትሮፖሊሽ በኋላ እንደገና ምድጃ የገባ ዕቃ፣ የተከፈለበትን ሥራ መልሶ አጥቷል ብዬ ነው የምቆጥረው።

ጥያቄ፦ መቋቋሙ በቁጥር የሚታወቀው እንዴት ነው?

መልስ፦ የተለመደው ፈተና ኤኤስቲኤም ኤፍ 2129 በሚባለው የፍተሻ ደረጃ የተደነገገው ነው። ዕቃው 37 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ የፎስፌት ጨዋማ መፍትሔ ውስጥ፣ በናይትሮጅን ኦክስጅኑ ተባሮ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆይና የኤሌክትሪክ ፖቴንሻሉ (ቮልቴጁ) ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋል። ሽፋኑ ሲሰበር የኤሌክትሪክ ፍሰቱ በድንገት ይዘላል፤ ያ ነጥብ የመሰበሪያ ፖቴንሻል ይባላል። በጥሩ ሁኔታ በኤሌክትሮፖሊሽ የተጨረሰ ዕቃ እስከ 1000 ሚሊቮልት አካባቢ ጉድጓድ ሳያወጣ ሊደርስ ይችላል፣ ወፍራም የሙቀት ኦክሳይድ የለበሰው ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት መቶዎች ሚሊቮልት ይሰበራል።

ደረጃው ራሱ የማለፊያ ነጥብ አላስቀመጠም። ስለዚህ ውጤቱ የሚመዘነው በሕክምና ለረጅም ጊዜ አገልግሎ በታወቀ ተመሳሳይ ዕቃ ነው። የሚፈተሸውም ናሙና ሽቦ ሳይሆን ያለቀለት፣ ከተሕዋስያን የጸዳ፣ ካቴተር ውስጥ ገብቶ የወጣ ዕቃ መሆን አለበት። አማካይ ውጤት ብቻ የሚያቀርብ ሪፖርት ሲመጣልኝ ዝቅተኛው ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ታካሚው የሚቀበለው አማካዩን አይደለምና።

ጥያቄ፦ በራጅ እንዲታይ የወርቅ ወይም የፕላቲነም ምልክት ቢያያዝበትስ?

መልስ፦ ሁለቱም ከኒቲኖል ይልቅ ክቡር፣ ማለትም በቀላሉ የማይዝጉ፣ ብረቶች ስለሆኑ፣ ሲነካኩ ኒቲኖሉን ወደ መሰበሪያው ነጥብ ይገፉታል። ገጹ በሚገባ የተጨረሰ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል፤ ለምልክቱ ታንታለም የተባለው ብረት የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጃችን አዲስ አበባ ውስጥ የልቧ ቀዳዳ በካቴተር ተደፍኖላታል። መድፈኛው ኒቲኖል ነው ብለውናል። ኒኬሉ ያሳስበን?

መልስ፦ እግዚአብሔር ጤናዋን ያብዛላት። የልብ መጋረጃ ቀዳዳ በእንዲህ ዓይነት መድፈኛ በተዘጋላቸው ሕሙማን ላይ በተደረገ ልኬት፣ በደም ውስጥ ያለው ኒኬል ከፍ ብሎ በአንድ ወር ገደማ ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ በወራት ውስጥ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። መድፈኛዎቹ ከብዙ ቀጭን ሽቦዎች የተጎነጎኑ ስለሆኑና ሽቦዎቹ አንዱ በሌላው ላይ በሚያልፉበት ቦታ ኤሌክትሮፖሊሽ እኩል ስለማይደርስ፣ አምራቾች የተለያየ የገጽ አጨራረስ ይከተላሉ። የጆሮ ጌጥ ወይም የቀበቶ ዘለበት ቆዳዋን የሚያሳክካት ከሆነ ለሐኪሟ ይንገሩ፤ ይህ ብቻውን ግን መድፈኛው ጎድቷታል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ የጥርስ ማቃኛ ሽቦም ኒቲኖል ነው አሉ። ፍሎራይድ ያለበት መጉመጥመጫ ይጎዳዋል?

መልስ፦ ተከላ ባይሆንም ኬሚስትሪው ያው ነው። ክሎራይድን የሚቋቋመው የቲታኒየም ኦክሳይድ፣ አሲዳማ በሆነ ፍሎራይድ ፊት ይሟሟል፤ ሽቦውም ይሻክራል፣ ለመሰበርም ይቀርባል። የተለመደው የጥርስ ሳሙና ችግር አያመጣም፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጠንካራና አሲዳማ ለሆነው ጄል ነው፣ ስለዚህ ጄሉን ከማዘዝዎ በፊት አፍዎ ውስጥ ምን ዓይነት ሽቦ እንዳለ የጥርስ ሐኪምዎ እንዲያዩት ያድርጉ።