ሣሩ ላይ የታየው ቡናማ መስመር፦ የድሮ አትክልት ቦታ ወይስ የውኃ ቧንቧ?

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃምሸር ውስጥ ነው። አጠገባችን የድሮ መኳንንት ርስት የነበረ ሰፊ ፓርክ አለ። በበጋው ድርቅ ፈቃድ አግኝቼ ድሮኔን ሳስነሣ፣ ሣሩ ላይ የሚቋረጡ ቡናማ መስመሮችና በረድፍ የቆሙ አረንጓዴ ክቦች አየሁ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ስመለስ ግን ምንም የለም። ያየሁት የድሮ አትክልት ቦታ ነው ወይስ ቧንቧ? እንዴትስ በደንብ ላንሣው?

መልስ፦ መጥፋቱ አያሳስብዎ። እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው። ከመሬት በታች ያለውን ነገር ያሳየዎት የሣሩ ጥማት ስለነበር፣ ሣሩ ውኃ ሲያገኝ ምስሉ ይጠፋል። ዕቃው ግን እዚያው አለ።

ቡናማ መስመር ካዩ ከሥሩ ደረቅና ጠንካራ ነገር ይጠርጥሩ፤ የግንብ መሠረት፣ የጠጠር መንገድ ወይም የጡብ ፍርስራሽ። በላዩ ያለው አፈር ስስ ነው። ጭንጫ ላይ የበቀለ ጤፍ ዝናብ ሲቋረጥ ቀድሞ እንደሚጠወልገው ማለት ነው። አረንጓዴው የዚህ ተቃራኒ ነው። ተቆፍሮ ኋላ የተሞላ ቦይ ወይም ጉድጓድ ጥልቅ አፈር ስላለው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ክቦችዎ በሁለት ትይዩ ረድፍ፣ በእኩል ርቀት የቆሙ ከሆኑ ዛፍ የተነቀለባቸው ጉድጓዶች ሳይሆኑ አይቀሩም። በ1600ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ጌታው ቤት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ዛፍ መደርደር ትልቅ ፋሽን ነበር። ክቦቹ ያለ ሥርዓት የተበተኑ ቀለበቶች ከሆኑ ግን እንጉዳይ የሚሠራው ጉድ ነው። እኛ ሙያ ውስጥ ያለነውም አንዳንዴ እንሸወድበታለን።

ለማነጻጸር ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። በ2018 ድርቅ እዚያው ኖቲንግሃምሸር፣ ክላምበር ፓርክ ውስጥ፣ በ1938 የፈረሰው ትልቅ ቤት ክፍሎቹ ሳይቀሩ ሣሩ ላይ ታይተዋል። በዚያው በጋ ደርቢሸር፣ ቻትስወርዝ ላይ፣ ለመጀመሪያው የዴቨንሸር ዱክ በ1699 የተሠራው የአበባ መደብ ከነጌጡ ብቅ አለ። መደቡ በ1730 ገደማ በሣር የተሸፈነ ነው። የሁለቱን ፎቶ ፈልገው ይዩ። የቤት መሠረት ወፍራምና ማዕዘናማ ነው። የአትክልት ቦታ መንገድ ግን ቀጠን ብሎ ይጠማዘዛል፤ አንዱ ጎን የሌላው መልክ ሆኖ ይደገማል።

እንዲህ ያለው ሥራ ለምን ተቀበረ ካሉ፣ ፋሽኑ ስለተቀየረ ነው። በ1700ዎቹ አጋማሽ ባለርስቱ ሁሉ «ተፈጥሮ የሚመስል» መናፈሻ ፈለገ። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ላንስሎት ብራውን ነው፤ በቅጽል ስሙ ኬፐቢሊቲ ብራውን ይሉታል፤ በ1783 ነው የሞተው። እሱና መሰሎቹ ቀጥታውን መስመር ሁሉ አጠፉ፤ ቦታውን ሣር፣ ሐይቅና እዚህም እዚያም የቆመ የዛፍ ቁጥቋጦ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ብዙው ቦታ የከብትና የበግ ግጦሽ ሆኖ ስለቆየ ማረሻ አልነካውም። ለእኛ በጀን። ከመናፈሻው በፊት የነበረው የመካከለኛው ዘመን እርሻ ትልም እንኳ እስከ ዛሬ እየተወዛወዘ የሚታይበት ፓርክ አለ።

አሁን ወደ ቧንቧው እንምጣ። ቧንቧ ለምንም ነገር ደንታ የለውም። ቤቱንም መንገዱንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጫፉን ቢከተሉ ብዙ ጊዜ የብረት ክዳን ላይ ያደርስዎታል። የእርሻ ውኃ ማፋሰሻ ደግሞ እንደ ዓሣ አጥንት ቅርንጫፍ ያወጣል። የኳስ ሜዳ በልኩ ይታወቃል። የሠርግ ድንኳን የተተከለበት ቦታ ፍጹም አራት ማዕዘን ሆኖ ይቢጫል፤ በሳምንታት ውስጥም ይጠፋል። በጣም የሚያሳስተው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካምፕ ነው፤ ብዙ ፓርኮች ወታደር ሰፍሮባቸው ነበር። ተመሳሳይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረው ካዩ «የሮማውያን ከተማ አገኘሁ» ብለው ከመጮህዎ በፊት የ1940ዎቹን የአየር ላይ ፎቶ ይፈልጉ። የእንግሊዝ የቅርስ ተቋም የሆነው ሂስቶሪክ ኢንግላንድ ብዙዎቹን በድረ ገጹ በነጻ ያሳያል።

የማንሣቱ ነገር። ሣር ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ግትር ነው፤ ምስጢሩን ለማውጣት የከረረ ድርቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ለሳምንታት ዝናብ ሲጠፋ ይዘጋጁ፤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ድሮኑን ያብርሩ። ካሜራውን ቀጥ ወደ ታች አድርገው፣ አንዱ ፎቶ የሌላውን ከግማሽ በላይ እንዲደርብ እየተመላለሱ ያንሡ። ኋላ በኮምፒውተር ተሰፍተው አንድ ካርታ ይሆናሉ። ጥቂት ደግሞ ከጎን፣ ከተለያየ አቅጣጫ ያክሉ። የካሜራውን ነጭ ሚዛን (ቀለሙን እንደ ብርሃኑ የሚያስተካክለውን ማስተካከያ) ከአውቶማቲክ ያውጡት፤ አለዚያ የፎቶዎቹ ቀለም እርስ በርሱ አይገጥምም። የመሬቱን እብጠትና ጉድጓድ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ያ የእንግሊዝ ክረምት፣ የብርዱ ወራት ሥራ ነው፦ ሣሩ አጭር፣ ፀሐይዋ ዝቅ ያለች፣ ጥላው የረዘመ መሆን አለበት።

ከፍታዎ ከ120 ሜትር አይለፍ። ክላምበር ላይ ለማንሣት አይሞክሩ፤ ቦታው ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው፣ ያለ ፈቃድ ድሮን ይከለክላል።

እስከሚቀጥለው ድርቅ ድረስ ቤት ተቀምጠው የሚሠሩት አለ። ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ ምስሎችን ከፍተው 2018ንና 2022ን ይዩ። ከዚያ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የድሮውን የኦርድናንስ ሰርቬይ (የአገሪቱ የካርታ ሥራ ድርጅት) ካርታ ከሳተላይት ምስል ጎን ያድርጉት፤ የእንግሊዝም አለው። መስመርዎ ካርታው ላይ መንገድ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ። ካልተገኘ ከካርታው በፊት ወይም በኋላ የሆነ ነገር ነው፤ የካውንቲው መዝገብ ቤት ያለውን የርስት ካርታ ይጠይቁ። የላይዳር (ከአውሮፕላን በሌዘር ጨረር መሬትን የመለካት ዘዴ) መረጃም በነጻ ይወርዳል፤ ላይዳር ግን የሚያየው የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ እንጂ የሣሩን ቀለም አይደለም፤ እዚያ ባያዩት ተስፋ አይቁረጡ።

አካፋ አያንሡ። ፎቶዎቹን ከቀኑና ከቦታው ልኬት ጋር ለካውንቲው የታሪካዊ ቅርስ መዝገብ ክፍል ይላኩ። ቀድሞ የተመዘገበ ከሆነም ይነግሩዎታል።