ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዝይ በስልክ ስለማንሳት

ወንድሜ፣ ማታ ማታ ያነሳሃቸው ዝይዎች ጥቁር ጥላ ሆነው የወጡት ስልክህ ስለማይረባ አይደለም። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ ስለዚህ አመሻሽ ላይ ከዳር ቆመህ ስታነሳ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣብሃለች። ጠዋት ሞክረው። 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ብርሃኑ ከጀርባህ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የግብፅ ዝይ ዓይኗ ዙሪያ ያላት ቡናማ ክብ እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል።

ዙሙን ተወው፣ ምስሉን ያደበዝዝብሃል። በእግርህ ቅረብ፣ ግን ቀጥ ብለህ አትሂድባቸው፤ ጎንበስ ብለህ፣ እያረፍክ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲያዩህ ቆም ብለህ፣ ሣር መንጨት ሲጀምሩ ደግሞ ትንሽ እየተጠጋህ። ከዚያ ቁጭ በልና ስልኩን ከዝይዋ ዓይን እኩል አድርገው። እኔ ፎቶዬ የተለወጠው ቁጭ ማለት ስጀምር ነው!

እጅህን ለማፍታታት ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ በጣም አሪፍ ቦታ ነው። አባ ኮዳዎቹ (እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች) የዓሣ ትርፍራፊ ስለሚጠብቁ ሰው አይፈሩም፣ የላባቸውን ጫፍ ሳይቀር ታነሳለህ።

ጫጩት ያስከተለች ዝይ ካየህ ግን እባክህ አትጠጋት፤ ስትደነግጥ ልጆቿ ይበተኑባታል።